አስራ ዘጠኝ እርምጃ

ያን ቀን ማለዳ ከቤት ስወጣ የመወልወያ እንጨቴን ይዤ ወጣሁ። እንጨት እንለዋለን እንጂ አሉሚኒየም ነው፤ ሲስቡት ይረዝማል፣ ሲገፉት ያጥራል። ጨርቁን ነቅዬ ቤት ትቼዋለሁ። ከታችኛው ጫፉ ተነስቼ እስከ ልጄ ትከሻ ድረስ ለክቼ፣ እዚያ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ። ለመለካት እሷን ማስቆም አላስፈለገኝም። በወጥ ቤቱ በር መቃን ላይ በየልደቷ በእርሳስ የማሰምርላት መስመር አለ። ከመጨረሻው መስመር የራሷንና የአንገቷን ያህል በስንዝሬ ቀንሼ ትከሻዋን አገኘሁት።

እዚህ ኖርዌይ፣ ከምንኖርበት ከስቶቭነር ሰፈር በማለዳ በሚነሳው ባቡር ውስጥ የመወልወያ እንጨት የያዘችን ሴት ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በዚያ ሰዓት የምንሳፈረው አብዛኞቻችን ጽዳት ሠራተኞች ነን። ማዮርስቱን የሚባለው ሰፈር ወርጄ የማጸዳው ቢሮ ገባሁ። ሁለቱን ፎቅ ጨርሼ፣ ባልዲዬን አጥቤ ከደፋሁ በኋላ ግን እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤት አልተመለስኩም። እንጨቴን ይዤ ወደ ጀልባው ሄድኩ። ልለካ የፈለግሁት ባሕር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አስር ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ክፍሏ ፊዮርድ በሚሉት፣ ወደ የብስ በሚገባው ጠባብ ባሕር ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ቱር ይሄዳል። ቱር የሚሉት የሽርሽር ጉዞውን ነው፤ አሁን እኛም ቱር ነው የምንለው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ይውላሉ፤ ወፍ ያያሉ፣ አበባ ይቆጥራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይዋኛሉ። መልእክቱ በስልክ ይመጣል። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንደኛው ያ፣ አዎ ማለት ነው፤ ሌላኛው ናይ፣ አይ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን እስከ አርብ መንካት ነው።

ባለፈው ዓመት ያ ብዬ ነበር። የማይፈቅድ ወላጅ ተብዬ እንዳልታይ ፈርቼ። የጉዞው ቀን ሲነጋ ግን ልልካት አልደፈርኩም። ደውዬ «ትኩሳት አላት» አልኳቸው። ልጄ ቦርሳዋን አሰናድታ፣ ውሃዋን ቀድታ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ታየኛለች። ምንም ትኩሳት አልነበራትም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትናንት እንዳመማት ለጓደኞቿ የነገረችው እሷ ናት። እኔ አንድ ጊዜ ዋሸሁ፤ እሷ ሳምንቱን ሙሉ።

የዘንድሮው መልእክት ሲመጣ ስልኩን ራሷ ይዛው መጣች።

«እማ፣ እኔ ዘንድሮ አልዋሽም» አለችኝ። «ካልፈቀድሽ ናይ በዪና ምክንያቱን ራስሽ ጻፊ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እናቷ ውሃ ትፈራለች ብለሽ።»

«መፍራት ነውር ነው እንዴ?»

«ነውር አይደለም። የታመምኩት ግን እኔ ነኝ።»

ስልኩን ተቀበልኳት። እሷ ግን አልጨረሰችም። ወደ ክፍሏ እየሄደች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አሁን እኮ አይጠይቁኝም» አለች። «ቱር ሲባል ‘እሷ አትመጣም’ ብለው ነው ቡድን የሚከፋፈሉት።»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ባሕሩን ስፈራ፣ ልጄ ከዚህኛው ዳር ለብቻዋ ቆማ እንደምትቀር አላሰብኩም ነበር።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ወደ ሰሜን ይነዳል። ስደውልለት «አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለኝ። እንዲህ ሲል ፈቅዷል ማለት ነው፤ ኃላፊነቱ ግን የእኔ ነው።

ውሃ ለምን እንደምፈራ ልናገር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤታችን ከወንዝ ማዶ ነበር። በበጋ ወንዙን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን እንሻገረዋለን፤ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግን ገና አይጎድልም። አንድ ቀን እኔ ዘግይቼ ቀረሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ቀድማኝ ሄደች። ከላይ የት እንደዘነበ ያየ የለም፤ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ደራሽ ውሃ መጥቶ ወሰዳት።

በዚያው ቀን እናቴ የደብተር ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። «ወንዙ ሲጎድል ትሄጃለሽ» አለችኝ። ጥቅምት ላይ ወንዙ ጎደለ። ኅዳር ላይ ጥጆች መሐሉ ቆመው ይጠጡበት ጀመር። ቦርሳዬ ግን ከግድግዳው አልወረደም። እናቴን ተሳስተሻል ብያት አላውቅም፤ ዛሬም አልልም። ያን ቀን ዘግይቼ ባልቀር ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም። ነገር ግን በጋ ሙሉ ከግቢያችን ሆኜ የማዶውን ደወል እሰማ ነበር።

ለዚህ ነው እንጨት ይዤ የተነሳሁት። ባሕሩ ጥልቅ ነው አይደለም ብሎ የሚነግረኝ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በሰው አፍ አልረጋጋም። የማጸዳውን ወለል እንኳ ጓደኛዬ ንጹሕ ነው ካለችኝ በኋላ በጣቴ ካልነካሁት አላምንም። ይህችው ጓደኛዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። በዋዜማው ሐሳቤን በስልክ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«በመወልወያ? ባሕሩን?» አለችኝ። «አንቺ ሴት፣ ግድብ ልትሠሪ ነው እንዴ?»

«ሳቂ አንቺ። ልጅሽ ሃያ ዓመት ሞልቶታል።»

«እሱስ። እኔ ሲያድግ ነው ይበልጥ የፈራሁት» አለችና ድምፅዋ ለወጥ አለ። «ሂጂ ግን። ስትመለሺ ስንት ሊትር እንደሆነ ንገሪኝ።»

ጀልባው ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ነው የሚነሳው። የባቡሩ የወር ትኬቴ ለጀልባውም ያገለግላል። መሐል ላይ፣ ከመስኮት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ የሚቀመጥበትን ሣጥን በዓይኔ ፈለግሁ፤ ከወንበሮቹ ሥር አገኘሁት። በሩን አየሁ። ከእኔ እስከ በሩ አራት ወንበር ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ እንጨቴን አይተው ፈገግ አሉ።

«ዓሣ ልታጠምጂ ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ረጅም ኖርዌይኛ ያስፈልጋል። «ያ» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ዓሣ?»

«ትልቅ።»

ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ወሬያችን ሳያልቅ ጀልባው ደረሰ። ጉዞው እንዲህ አጭር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ከስቶቭነር ሱቅ ደርሶ ከመመለስ ያንሳል። ከተማው ወደ ኋላ ዞር ስል እዚያው ነው፤ ሕንጻው፣ መኪናው፣ ሁሉም ይታያል።

ከመውረዴ በፊት ካልሲዬን ሱሪዬ ላይ ጎትቼ አወጣሁ። የትምህርት ቤቱ መልእክት ደሴቷ ላይ መዥገር ስላለ ረጅም ካልሲ ይደረግ ይላል። መልእክቱን እኔ የማነበው ሦስት ጊዜ ነው።

ደሴቷን እንደ ድንጋይ ቁልል ነበር በሐሳቤ የሣልኳት። እሷ ግን አረንጓዴ ናት። ሣሩ መሐል ቢጫና ሐምራዊ አበባ በቅሏል፤ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ዝይዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው መንገዱን ዘግተው ይሄዳሉ፤ ሰው ነው ቆሞ የሚያሳልፋቸው። አንዳንዱ ቦታ በገመድ ታጥሯል፤ ወፍ እንቁላሏን ስለጣለችበት አትግቡ የሚል ሥዕል ተሰቅሎበታል። ለወፍ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለልጅም አያንስም ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ቢሆንም በየገመዱ ሥር ወደ ውሃው የሚያንሸራትት ድንጋይ መኖሩን እያየሁ ነው የሄድኩት።

ጥቂት እንደሄድኩ ዛፎቹ ተገለጡና የድንጋይ ግንብ ብቅ አለ። ጣራ የለውም። ግድግዳው ግማሹ ወርዷል፤ ወለሉ ሣር ሆኗል። አጠገቡ የቆመውን ጽሑፍ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ድሮ ገዳም ነበር ይላል፤ መነኮሳት ኖረውበታል፤ ይህ ቤተ ክርስቲያናቸው ነው። ወደ ምሥራቅ አየሁ። መሠዊያው የነበረበት ቦታ በድንጋይ ከፍ ብሎ ይታያል። ባሕር መሐል፣ በዚህ ቀዝቃዛ አገር፣ መቅደሱ እኛ እንደምናውቀው ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሮ።

ሌላ ሐሳብ አልመጣብኝም። ጫማዬን በደጃፉ አወለቅሁ። እንጨቴን ከግንቡ አስደግፌ፣ መቃኑን ተሳልሜ፣ በካልሲዬ ገባሁ። ሣሩ እርጥብ ነበር። ጥግ ላይ ቆሜ የልቤን ተናገርኩ። ብዙ አልተናገርኩም፤ ልጄን ጠብቅልኝ፣ ለእኔም የሚበጀውን አሳየኝ ነው ያልኩት። እዚያ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ፣ የወፍ ድምፅ፣ ሌላ ምንም።

ስወጣ ጫማዬ የለም። እንጨቴም የለም።

አገር ቤት ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ኖርዌይ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ፣ ያውም ተረከዙ ያለቀ የሥራ ጫማ ይጠፋል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። ግንቡን ዞርኩት። ዝይዎቹን ሳይቀር በጥርጣሬ አየኋቸው። ካልሲዬ ከበሰበሰ ቆይቷል። በዚህ እግር ጀልባ ተሳፍሬ፣ በከተማው መሐል አልፌ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ ቤት ልገባ ነው። ይህን ሳስብ ከታች፣ ከውሃው በኩል፣ የሕፃናት ድምፅ ሰማሁ።

ቁልቁል ወረድኩ። ትንሽዬ ዳርቻ ላይ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሕፃናት ተበትነዋል። ቶየን ከሚባል ሰፈር የመጣ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ አራትና አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። በእጃቸው ቆሻሻ መልቀሚያ መቆንጠጫና ፌስታል ይዘዋል። የደሴቷን ቆሻሻ እየለቀሙ ነው የመጡት። ጫማዬ የት እንዳለ ወዲያው ገባኝ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ትንሽ ልጅ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጇ አንጠልጥላዋለች። እንጨቴ ደግሞ አሸዋው ላይ ተተክሏል።

«ያ የእኔ ጫማ ነው» አልኳት በኖርዌይኛ።

«አይደለም» አለችኝ። «የሞተ የባሕር ወንበዴ ጫማ ነው። ያ ደግሞ ጦሩ ነው።»

«ወንበዴው አልሞተም። እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ወንበዴ ካልሲውን ሱሪው ላይ አያወጣም።»

«ለመዥገር ነው።»

ይህ ትክክል መሰላት። ግን ሳታረጋግጥ አልሰጠችኝም። አንዱን ጫማ አሸዋው ላይ አስቀምጣ «አድርጊው» አለችኝ። አደረግሁት። ጎንበስ ብላ ጫፉን በጣቷ ተጫነችው፣ ልክ ጫማ ሻጭ እንደሚያደርገው። ከዚያ ሁለተኛውን አቀበለችኝ።

ይህን ጊዜ አንዲት ጠና ያሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ወደ እኛ መጡ። የልጆቹ መሪ እሳቸው ናቸው። በአማርኛ ቢሆን አንቱ የምላቸው ነበሩ፤ ኖርዌይኛ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ የተጣለ መስሏቸው ነው አሉ።

«ለምን አወለቅሽው?» አሉኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ።»

ወደ ፍርስራሹ ቀና ብለው አዩ። «ከፈረሰ እኮ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል።»

«ቢፈርስም መሠዊያው የነበረበት ያስታውቃል።»

«እኔ ዓመት በዓመት ልጆች ይዤ እመጣለሁ» አሉ። «ዳቧችንን የምንበላው እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው።» ትንሽ ያፈሩ መሰለኝ።

«ሕፃናት ቢበሉባት እግዚአብሔር አይቆጣም» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በኖርዌይኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወደ እንጨቱ ዞሩ። «ይሄስ? ቀዩ ምንድን ነው?»

ለሽማግሌው እንዳደረግሁት ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ገና ከጸሎት መውጣቴ ነው። «የልጄ ትከሻ ነው» አልኳቸው። የትምህርት ቤቱን ጉዞ፣ የአርቡን መልስ፣ ባሕሩን ልለካ መምጣቴን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እስኪስቁ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ፕላስተሩን በእጃቸው ነኩት።

«ትምህርት ቤቶቹ የሚዋኙት እዚሁ ነው» አሉኝ። «ቁጭ በዪ። ልጆቹ ዳቦ ሊበሉ ነው፤ ከዚያ እንለካዋለን።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ጨመቅሁ። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፤ ልጆቹ አስራ ሁለት። ልጆቹ ከዳርቻው ወደ ድንጋዩ ሲሄዱ ተቆጠሩ። ሲቀመጡ ተቆጠሩ። አንዲቱ ልጅ ለሽንት ሄዳ ስትመለስ እንደገና ሁሉም ተቆጠሩ። ሲቆጥሩ በዓይን ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ልጅ አናት ነካ ነካ እያደረጉ ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ ወጣት ነው፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ የጎማ ጫማ ውሃው ውስጥ ቆሟል። ፊቱ ወደ ልጆቹ ነው። ስልኩን አላወጣም፤ አልተቀመጠም። ዳቦውን እንኳ ቆሞ ነው የበላው። ሥራ በወጉ ሲሠራ አውቃለሁ፤ የእኔም ሥራ ማንም የማያየውን ጥግ ማየት ነው።

«አይፈሩም?» ስል ጠየቅኋቸው ሴትየዋን። በልቤ አንቱ ብዬ ነው።

«በየቀኑ እፈራለሁ» አሉኝ። «ስለዚህ እቆጥራለሁ።»

ከፊታችን ቡናማ ዳክዬዎች ጫጩቶቻቸውን ይዘው አለፉ። ጫጩቶቹ ዘጠኝ፣ ትልልቆቹ ሦስት።

«ሦስቱም እናቶች እንዳይመስሉሽ» አሉኝ። «አንዳንዶቹ አክስቶች ናቸው። ዘንድሮ ጫጩት ያልቀናቸው የሌላዋን ልጆች ይጠብቃሉ።»

«ክፍያ አላቸው?» አልኳቸው። እዚህ ላይ ሳቁ።

ዳቦው ሲያልቅ ልጆቹ በመስመር አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ሴትየዋ ለጓደኞቻቸው አንድ ነገር ተናግረው ሹራባቸውንና ሱሪያቸውን አወለቁ። ከሥር የዋና ልብስ ለብሰው ነበር። ገና ሰኔ መግቢያ ነው፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን እንጨቴን ይዘው፣ ወለል ላይ እንደሚሄድ ሰው ገቡ። «ቁጠሩልኝ» አሉ። አስራ ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። በየእርምጃው እንጨቱን ቀጥ አድርገው ይተክሉታል። እኔ ቆሜ ቀዩን ብቻ ነው የማየው። በሰባት ላይ ውሃው ከጉልበታቸው ከፍ አለ። በአስራ አንድ ቀዩ ገና ከፍ ብሎ ይታያል። ከአስራ አራት በኋላ አንዳንዶቹ ልጆች ቁጥሩ ጠፋባቸው፤ ጥርሷ የወለቀችው ግን አልተሳሳተችም፤ እየጮኸች ሌሎቹን መራቻቸው። አብሬያቸው እየቆጠርኩ እንደሆነ ያወቅሁት ድምፄን ስሰማ ነው።

በአስራ ዘጠኝ ውሃው ቀዩን ነካው።

ሴትየዋ እዚያው ቆሙ። እንጨቱን ፊት ለፊታቸው ወደ ጥልቁ ዘርግተው መሬቱን ፈተሹ። «ገደል የለውም» ብለው ጮኹ። «ከዚህም በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።» ከዚያ እንጨቱን ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ያንን የእኛን ወንዝ ማንም ለክቶት አያውቅም ብዬ አሰብኩ። የሚለካም ቢኖር ደራሽ ውሃ አይለካም። ይህ ግን ያ አይደለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ይህ ያ አይደለም።

ስሰናበታቸው ትንሿ ልጅ እንጨቱን አለቀቀችም። «ጦሩን ለምን ትወስጂዋለሽ?» አለችኝ።

«ነገ ሥራ አለኝ።»

«ወንበዴዎች ነገ ይሠራሉ?»

«ማለዳ ይነሳሉ» አልኳት። ለቀቀችልኝ።

ተመልሼ ጀልባው ላይ ስቀመጥ ስልኬን አወጣሁ። አርብን አልጠበቅሁም። ያ የሚለውን ነካሁት። ሌላ ጥያቄ ተከትሎ መጣ፤ ልጅዎ መዋኘት ይችላል? በትምህርት ቤት ተምራለች። ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ እዋኛለሁ ስትለኝ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን ሄጄ አላየኋትም። ስትዋኝ ማየት ስለማልችል ነው። ጣቴ ሳጥኑ ላይ ቆየ። እንግዲህ ይህን በእንጨት መለካት አይቻልም። ልጄን አምኜ ያ አልኩ።

ከመጨረሻው ጥያቄ በታች ወላጅ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ነበር። ሁልጊዜ ባዶውን እተወዋለሁ፤ በኖርዌይኛ ስጽፍ እሳሳታለሁ። ያን ቀን ግን እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «ባለፈው ዓመት አላመማትም ነበር። እኔ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ዘንድሮ ትመጣለች።» ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጀልባው ስወርድ መምህሯ መልሳልኛለች፤ ስለነገርሽን እናመሰግናለን፣ መምጣቷ ከአሁኑ አስደስቶናል ይላል።

ልጄ ስትመጣ ስልኩን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መጥታ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች። ቀጥሎ «ሁለት ቃል ተሳስተሻል» አለችኝ።

«እስከ አስራ ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ነው የምትገቢው» አልኳት። እንጨቱን አሳየኋት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ወንበዴው ስትሰማ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

የጉዞው ቀን ማዮርስቱን ቢሮ ውስጥ አንዱን ወለል ሁለት ጊዜ ሳልወለውለው አልቀረሁም። ሰማዩን በየመስኮቱ አየሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ በእጄ ይዤ ነው የዋልኩት። ለጓደኛዬ ደወልኩላት፤ «ስንት ሊትር?» ብላ ጀመረችኝ። ከዚያ እስኪመለሱ ድረስ ወሬ እያወራች አብራኝ ቆየች።

ልጄ ጸጉሯ እርጥብ ሆኖ ገባች። አፍንጫዋ በፀሐይ ቀልቷል። ቦርሳዋ ውስጥ አሸዋ፣ ቀንድ አውጣ፣ ያልተበላ ዳቦ። ምግብ እስኪቀርብላት እንኳ አልጠበቀችም፤ የወፎቹን ስም፣ የጓደኞቿን ነገር፣ ማን ከማን ቡድን እንደሆነ፣ እሷ ከየትኛው እንደነበረች አወራች።

«አስራ ዘጠኙንስ?» አልኳት።

ዳቦውን ጎረሰች። «እማ፣ የአዋቂ እርምጃ ነው እኮ የቆጠራችሁት። የእኔ ያንሳል። አስልቼዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ውሃው። ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆምኩ።»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ስህተቷን ግን አላገኘሁትም። እሷ ወሬዋን ቀጠለች። ገዳሙ ጋ ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ለምን ብለው ሲጠይቋት ነገረቻቸው። ሁለት ጓደኞቿም አወለቁ።

«ደጃፉ ላይ ነው የተዋችሁት?» አልኳት።

«ናይ» አለች። «በእጃችን ያዝነው።»

ፕላስተሩን ከእንጨቱ ላይ አልላጥኩትም። ስወለውል እጄ እሱ ላይ ሲያርፍ አስተውለዋለሁ። ልደቷ ጥቅምት ላይ ነው፤ መቃኑ ላይ አዲስ መስመር ሳሰምር እሱንም ከፍ አደርገዋለሁ።